መንገድ ላይ የተቀመጠው ቤት

የአቶ ሻንካን ሞት የሰማሁት በአንድ የሥልጠና አዳራሽ፣ በሻይ ሰዓት ነው። አሠልጣኙ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ንግግሩ የተስተካከለ ወጣት ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ያስረዳን በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የማኅበራዊ ሥራ ሙያ አቅጣጫውን እየቀየረ መሆኑን ነው። ችግረኛውን ከመኖሪያው አውጥቶ በተቋም መንከባከብ እየቀረ፣ ባለበት፣ በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል መደገፍ እየተተካ ነው አለን። ይህንኑ ለማሳየት በሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ረጅም ቀስት ሣለ። ለሻይ ስንወጣ ከአርባ ምንጭ የመጣች ባልደረባዬ ብርጭቆዋን ይዛ ጠጋ አለችኝ።

«አቶ ሻንካ እኮ አረፉ። አልሰማሽም?»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት። ታመው ብዙም አልቆዩም።»

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ቀስቱ በሰሌዳው ላይ ነበር። ወጣቱ ስለ አዲሱ አቅጣጫ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ግን ያንን ቀስት ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከጨንቻ በላይ ባለ ተራራ፣ በሰዎች እግር ሲሄድ አይቼዋለሁ።

አርባ ምንጭ የተመደብኩት በደርግ ዘመን፣ ድርቁ ብዙ ቤት ከበተነ በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ከተማዋ ያኔ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ ነበረች። መሥሪያ ቤታችን ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ነው። አቶ ሻንካ የሕፃናትና የቤተሰብ ክፍል ኃላፊ ሆነው ጠበቁኝ። የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናቸው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ተምረው በማኅበራዊ ሥራ ከተመረቁት ጥቂት ሰዎች መካከል አንዱ ነበሩ። አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉ ሰው። ቡናማ ጫማቸውን ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይወለውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጫማው ምንጊዜም ጭቃ ነው። «ለምን ይደክማሉ ታዲያ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጠዋት የማላውቀውን ቤት ማንኳኳት አለብኛ» አሉኝ።

ሁሉም «ጓድ» በሚባባልበት በዚያ ዘመን እኔን «ወይዘሪት» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ይህን ሲነቅፍባቸው በጣም ቁም ነገረኛ ሆነው፣ «ጓድ ካልኳት አብሬያት መሄድ አለብኝ፤ እሷ ደግሞ ፈጣን ናት፣ አልደርስባትም» ብለው አሳቁን።

አንድ ቤት ሲጎበኙ መጀመሪያ በሩ ላይ አይቆሙም። በዝምታ ቤቱን ከውጭ ይዞሩታል። እኔ መጠይቄን ይዤ በር ላይ ስቁነጠነጥ እርሳቸው ሣሩን ያያሉ። የሚያዩት መንገድ ነው። ወደዚያ ቤት የሚመጣው ሰው እግር የት የት እንደረገጠ፣ የትኛው ዱካ ትኩስ እንደሆነና የትኛውን ሣር እንደዋጠው። «ጎረቤት ሲጠየቅ ደግ ደጉን ያወራል» ይሉኝ ነበር። «መጀመሪያ ሣሩን ጠይቂው።»

ሌላም የሚደጋግሙት ነገር ነበራቸው። በጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ በሚያቆሙበት ቦታ፣ ዓይኑ የጠፋ አንድ ሰው ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ስንዴ ይሰፈርለታል። አቶ ሻንካ ሄደው ከአስጋሪዎቹ ጋር ሲያወሩ ዋሉና ሰውየው የተቀደደ መረብ እንዲጠግን አስማሙ። በቢሮ የነበረው ሳቅ አይጣል ነው። «ለዓይነ ስውር መርፌ!» ተባለ። ሰውየው ግን ቀዳዳውን በጣቱ እየፈለገ መረቡን ይጠግን ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብረን ስንሄድ ቦታው ላይ አልነበረም፤ አንድ አስጋሪ እየተቆጣ፣ «ዛሬ የት ገባ ይሄ ሰውዬ? መረቤን ይዞብኝ!» ይላል። አቶ ሻንካ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ሰማሽ? የት ገባ ተባለ። ሲቀር የሚፈልገው ሰው ከሌለው፣ ስንዴ ብንሰጠው ከመሞት ነው ያቆየነው እንጂ አላኖርነውም።»

ስንዴውን ግን አላስቀሩበትም። ይህንንም መጻፍ ተገቢ ነው፤ አንዳንዶች ኋላ ላይ ሌላ ነገር ሲያወሩ ስለሰማሁ።

ይሁን እንጂ እኔ አቶ ሻንካን የማስታውሳቸው በዘነበችና በሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጉዳይ ነው።

በዚያ ዓመት በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ አዲስ የሕፃናት ማሳደጊያ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ብርድ ልብሱ፣ አልጋው፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ ተሟልቷል። ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ በሚመጡ ባለ ሥልጣናት ይመረቃል ተባለ። የምረቃው ኃላፊ የነበረው ካድሬ ጓድ ተፈራ ይባላል፤ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ፣ ክፋት የሌለበት፣ ግን አለቆቹን እጅግ የሚፈራ ወጣት። አልጋዎቹ በሙሉ ሕፃን እንዲኖርባቸው ይፈልግ ነበር።

«ጓድ ሻንካ፣ አልጋ ባዶውን ይመረቃል እንዴ?»

«ይመረቅ እንጂ። አልጋ ሕፃን አይናፍቅም። ሕፃን ነው ቤት የሚናፍቀው።»

«ይቀልዳሉ!»

«አልቀለድኩም። ማንም የሌለው ልጅ ይምጣ፣ ይተኛ፤ እኔ ራሴ አቅፌ አመጣዋለሁ። ሰው ያለውን ልጅ ግን አልጋ ለመሙላት አልነቅልም።»

ከጨንቻ በላይ ካለ የገበሬ ማኅበር የተላኩ ስሞች ነበሩ። ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሦስት ልጆች፣ «ዘመድ የሌላቸው» ተብለው። ሁለቱ ወንዶች ትንንሾች ናቸው። ታላቃቸው ዘነበች ግን ማሳደጊያው የሚቀበለውን ዕድሜ አልፋለች። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ ወንዶቹ ይወርዳሉ፣ እሷ ትቀራለች። የት እንደምትቀር የሚናገር ደንብ አልነበረም። በተግባር ግን እንዲህ ያለች ልጅ ወይ ሰው ቤት ትገባለች፣ ወይ ትዳራለች።

አቶ ሻንካና እኔ በላንድሮቨር ወጣን። ጨንቻን አልፈን በእግር ሄድን። ቤቱ ከመንደሩ ተነጥሎ በአንድ ጉብታ ላይ ለብቻው ቆሟል። የዚያ አገር ቤት ከቀርከሃ ይሸመናል፤ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፣ ከላይ በእንሰትና በቀርከሃ ቅጠል ይለብሳል፣ በሩ ላይ ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ አለው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል። ዘነበች በሩ ላይ ቆማ፣ አንዱን ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ጠበቀችን። አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው፤ ጥቂትና ጥንቁቅ።

«ልትወስዷቸው ነው?» አለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

አቶ ሻንካ ቤቱን መዞር ጀመሩ። ሲመለሱ በእንሰቱ መካከል የምታልፍ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስኬድ ቀጭን ዱካ አሳዩኝ። ዱካዋ ወደ መንደሩ ዋና መንገድ አትወጣም፤ ከታች ወዳለ አንድ ትልቅ ቤት ትወርዳለች።

«የማን ቤት ነው?» ብለው ልጅቷን ጠየቋት።

«የአባቴ ወንድም» አለች። «ሚስቱ ቆጮ ታመጣለች። እሱ አያውቅም።»

አጎትየው፣ አቶ ኦይቻ፣ ከሟች ወንድሙ ጋር የተጣላው በድንበር ነው። በሁለቱ የእንሰት ማሳ መካከል ባለ ቦይ። ሟች ተናዶ ቤቱን ወደ ጉብታው ወሰደ፤ ሳይታረቁ ሞተ፤ የልጆቹ እናትም በሞት ተከተለችው። እንዲህ ያለ ሳይታረቅ የቀረ ጥል የሚያመጣውን መዘዝ በዚያ አገር ጎሜ ይሉታል። የሟቹን ደጃፍ የረገጠ ጎሜው ይከተለዋል ተብሎ ስለሚፈራ አጎትየው ከቀብሩ በኋላ ወደ ቤቱ ደርሶ አያውቅም። ለገበሬ ማኅበሩም «ዘመድ የላቸውም» ያለው እሱ ራሱ ነው።

አጥሩ ላይ አገኘነው። ረጅም፣ የሸበተ፣ ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው።

«እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ» አለ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው። «ጎሜ የሚባል ነገር አላምንም።»

«ደግ ነው» አሉ አቶ ሻንካ። «ካላመንክ እንግዲህ ና፣ አብረን ወጥተን ልጆቹን ሰላም እንበላቸው።»

«ዛሬ እግሬን አሞኛል።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም አሞኝ ነበር።»

«መቼ ይሻልሃል?»

አቶ ኦይቻ ወደ ጉብታው አየና ፈጥኖ ዓይኑን መለሰ። «ልጆቹ እዚህ ቢመጡ አላባርርም። ግን እሷ የአባቷን ቤት ጥላ አትመጣም። ጠይቋት።»

ጠየቅናት። «አባቴ የሠራው ቤት ነው። ብተወው ምስጥ ይጨርሰዋል። ከዚያ እኛ የማን ልጆች ነን?» አለች።

ስንመለስ እኔ የነገሩን መውጫ አጥቼ ነበር። እርሱ ወደ እሷ ቤት አይወጣም፣ እሷ ቤቱን ጥላ አትወርድም። አቶ ሻንካ ግን ፉጨት ጀመሩ።

«ምን አገኙ?»

«እሱ ወደ ቤቱ መሄድ ካልቻለ፣ ቤቱ ወደ እሱ ይሂዳ።»

ያለ ነገር ነው፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩት። የቀርከሃ ቤት ከሥሩ ተቆርጦ፣ ዙሪያውን በአግዳሚ ታስሮ፣ ሰዎች ከውስጥና ከውጭ ገብተው ተሸክመውት ይሄዳል። ችግሩ ተሸካሚው ነው። የአገሩ ጎልማሶች ሸማኔዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ሠርተው የሚመለሱት ለመስቀል ነው። የአብዮት በዓል ደግሞ ከመስቀል ይቀድማል፤ ወንዶቹን ሊወስድ የሚመጣው የጓድ ተፈራ መኪና ከሁለቱም ይቀድማል።

አቶ ሻንካ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄዱ። ያኔ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ነበር፤ ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ ወደ አንድ ቦታ ማሰባሰብ። ሊቀመንበሩ አንድም ቤት ባለማሰባሰቡ ተወቅሶ አዝኖ ተቀምጧል።

«አንድ ቤት ከጉብታ ወርዶ መንደር ሊገባ ነው» አሉት። «በፈቃዱ።»

ሰውየው ብድግ አለ። «በፈቃዱ? ማን ነው እሱ?»

«ቤቱ።»

በገበያ ቀን ማግስት ሰው እንዲጠራ ተስማሙ። እኔ ስለ ምሥረታው ዘመቻ የራሴ አስተያየት ነበረኝ፤ ብዙ ሰው በግድ ተነቅሎበታል። አቶ ሻንካም ያውቁታል። በመንገድ ላይ ስጠይቃቸው፣ «መንግሥት አንድ ጊዜ እንኳ ቤት ሲያስነሳ ለባለቤቱ ይጥቀም ብዬ ነው» አሉኝ። ይህን የሚሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ደረስን። የመጡት አረጋውያን፣ ጎረምሶች፣ ለእረፍት የመጡ ሁለት አስተማሪዎችና ሊቀመንበሩ ነበሩ። ከሥሩ የተበላው ቀርከሃ ተቆረጠ፤ አግዳሚው ታሰረ። አንድ ሽማግሌ ሥራውን ይመራሉ። እኚህ ሰው በአማርኛ ሲናገሩ ለእርሳቸው ወንድም ሴትም አንድ ነው፤ እኔን «አንተ ልጄ፣ ከፊት ዞር በል፣ ቤቱ አያይህም!» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ዘነበችም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከዚያ ሽማግሌው ጮኹ፣ ሰዉም በአንድ ድምፅ መለሰ፣ ቤቱም ከመሬት ለቀቀ። ያየሁትን ነገር እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ከጠርዙ በታች እግሮች ብቻ ይታያሉ፣ ጭቃ የለበሱ፣ ባዶ፣ ጎማ ጫማ ያደረጉ። ከመካከላቸው ቡናማ የቢሮ ጫማ ለየሁ። ዘነበች ወንድሞቿን ይዛ ከኋላ ትከተላለች፤ የት እንደሚረገጥ በጋሞኛ ትናገራለች። ቤቱ እንሰቱን እያሸሸ፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ፣ ቀስ እያለ ወረደ።

ቦይዋ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ወንድማማቾቹ የተጣሉባት ቦይ ናት። ሽማግሌው እጃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ተሸካሚዎቹም ቤቱን በመንገዱ ላይ፣ ቦይዋ አፋፍ አስቀመጡት። ከሥሩ እየሾለኩ ወጥተው ሣር ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ?» አልኩ።

«ከዚህ ወዲያ የሰው መሬት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ባለቤቱ ይጥራን።»

አቶ ኦይቻ አጥሩ ላይ ቆሟል። ብንጠራው ይሰማል። ማንም አልጠራውም። እኔ ለመሄድ ብድግ ስል አቶ ሻንካ የልብሴን ጫፍ ያዙ።

«ተቀመጪ።»

«መኪናው እየመጣ ነው እኮ። ላናግረው።»

«ካናገርሽው ለአንቺ ሲል ይመጣል። ለአንቺ ብሎ የመጣ ሰው አንቺ ስትሄጂ ይሄዳል።» ጫማቸውን አውልቀው ጭቃውን በእንጨት ይፍቁ ጀመር። «እስካሁን ሥራችን መሮጥ ነበር። አሁን መቀመጥ ነው። ይኼኛው ነው የሚከብደው።»

ተቀመጥን። ጭጋጉ ተገፈፈ። ሰዎቹ ስለ ገብሳቸው፣ ስለ አዲስ አበባ ልጆቻቸው ያወሩ ጀመር፤ ቤቱ መካከላችን እንደ አንድ ትልቅ እንግዳ ተቀምጧል። ዘነበች አልተቀመጠችም። በቤቱ በር ላይ ቆማ ወደ አጥሩ ታያለች። ታናሽ ወንድሟ ሊያለቅስ ሲል አፉን በእጇ ያዘች።

ከሥር የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። ጓድ ተፈራ ከሾፌሩ ጋር ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣ፤ ቤቱን ሲያይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቤት» አሉ አቶ ሻንካ።

«ቤት መሆኑን አይቻለሁ! ለምን መንገድ ላይ ተቀመጠ?»

«ደክሞት ነው፣ ጓድ። ረጅም መንገድ መጣ።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጓድ ተፈራ ግን አልሳቀም። «ልጆቹ የት አሉ? ወንዶቹን ይዤ ልሂድ፤ ትእዛዝ አለብኝ» አለና ወደ በሩ ተራመደ። ዘነበች ሁለቱን ወንድሞቿን ወደ ቤቱ ውስጥ አስገብታ በሩን በገላዋ ዘጋችው። ቁመቷ ከደረቱ አይደርስም። አልጮኸችም። «አንተ ማን ነህ?» ብቻ አለችው፤ በእውነት ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው።

አቶ ሻንካን አየኋቸው። አልተንቀሳቀሱም። ጫማቸውን ይዞ የነበረው እጃቸው ግን ቆሟል።

የዚያን ጊዜ አቶ ኦይቻ አጥሩን ተሻገረ። እግሩን አያመውም ነበር። ማንንም ሳያይ ቦይዋን ተራመዳት፤ በጓድ ተፈራና በልጅቷ መካከል ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ከወንድሙ በር ውስጥ ዘለቀ። ከዚያ ከውስጥ በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ልጅቷም መለሰች። አንዱ አስተማሪ ተረጎመልኝ፦ «የቱ ጋ ነው የሚከብደው?» አላት። «ከበሩ በስተቀኝ፣ አባባ» አለችው።

ሰዎቹ ሳይጠሩ ተነሱ። ቤቱ ቦይዋን ተሻገረ፤ ከአጎትየው ቤት አጠገብ፣ በሩ በሩን እያየ ተቀመጠ። ሚስትየው ስታለቅስ ነበር፤ ቆጮውን በዚያ ቀን ባሏ እያየ በግልጽ አቀረበች።

ጓድ ተፈራ ከኋላችን እየተከተለ ወረደ። ንዴቱ በርዶ ፍርሃቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«አሁን ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

«ሦስት ሕፃናት ቤት አገኙ በል። ውሸት የለበትም።»

«የእኛን ቤት አይደለም እኮ!»

«እሱን ከጠየቁህ ወደ እኔ ላካቸው።»

ጨንቻ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ የከነከነኝን ጠየቅኳቸው። «አጎትየው ባይመጣስ ኖሮ?»

ቀኑን ሙሉ በእርሳቸው ላይ ያየሁት መተማመን ትንሽ ላላ።

«ወንዶቹን ይወስዷቸው ነበር። እኔ ማስቆም አልችልም። ስለዚህ ትናንት ሲቀላ፣ ማሳደጊያው ወርጄ አልጋ አስነጥፌ ነው የመጣሁት። እዚያው ጥግ፣ ጎን ለጎን።»

«ሁለት?»

«ሦስት» አሉ። «የመጣው ይምጣ ብዬ።»

ከበዓሉ በኋላ አቶ ሻንካ ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ገረሴ ወደምትባል ሩቅ የወረዳ ከተማ ተዛወሩ። በቢሮ ሁሉም ሰው በቤቱ ምክንያት ይመስለው ነበር። አይደለም፤ ስለ ቤቱ ሊቀመንበሩ ተመስግኖበታል። የተከሰሱት ዕድሜዋ ላለፈ ልጅ ያለ ፈቃድ አልጋ አስነጥፈሃል ተብለው ነው። ጉዳዩ ሲታይ አብሬያቸው ነበርኩ። «አድርጌያለሁ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አልጋው ላይ ግን ማንም አልተኛበትም።